በብሩሽ የታተመ ደብዳቤ

የተለያችሁት ሰው የእጅ ጽሑፍ መድኃኒት ቤት ድረስ ተከትሏችሁ ያውቃል? እሷን ተከትሏታል። በምሳ ሰዓት ለእናቷ የደም ግፊት ክኒን ልትገዛ ገብታ፣ ባለመድኃኒቱ ባዶውን የወረቀት ከረጢት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ይላል። ጽሑፉ የታተመ ነው፤ እጁ ግን የእሱ ነው። የ«በ» ትከሻ ያው የሱ ነው። የ«ቀ» አንገት ያው ነው። እያንዳንዱ ፊደል እግሩ ሥር ያደረጋት ያቺ ትንሽ ጫማ፣ ቀኟ ሰፋ ግራዋ ጠበብ ያለችው፣ ያቺው ራሷ ናት። ከረጢቱን እንደ ሌባ እጥፍጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ውልቅ አለች።

«እህት! ኧረ እህት! ክኒኑን ትተሽው!» እያለ ባለመድኃኒቱ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ መንገድ ላይ ደረሰባት። ሰው ዞር ዞር ብሎ ሳቀ። እሷም አብራ ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዋ ፊደል መንደፍ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ፎቅ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ ስካነርና አንድ ትልቅ ስክሪን ይዛ ትውላለች። መጽሐፍና ጋዜጣ የሚታተምበትን የፊደል መልክ ቁጭ ብሎ የሚያወጣ ሰው መኖሩን ስንቱ ያውቃል? ፊደል ከሰማይ የወረደ ይመስለናል። እሷ ግን አንዷን «ለ» ለማቆም ሳምንት ትፈጃለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ሚሊሜትር» ብለው ሰየሟት፤ መጀመሪያ ከጀርባዋ ነበር፣ በኋላ ፊት ለፊትም ሆነ። ምግብ ቤት ገብታ ሜኑ ሲሰጧት ምግቡን ትታ ፊደሉን የምታይ ሴት ናት። አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» ሲላት «ይቺ ‹ሰ› ዘማለች» ብላው ታውቃለች፤ ምን ይበል ምስኪን!

እሱ ደግሞ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት፣ ከተማው ውስጥ በእጁ ያላለፈ በር የለም። ሰው ሁሉ «ብሩሽ» ነው የሚለው። የዛሬ አራት ዓመት ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት የአንድ ጫማ ቤት ታፔላ ሲጽፍ፣ ሚሊሜትር ከመሰላሉ ሥር ቆማ አርባ ደቂቃ አንጋጣ አየችው።

«እመቤት፣ መንገድ ዘጋሁብሽ እንዴ?» አላት ከላይ።

«እጅህን ወደድኩት» አለችው፤ ሌላ የምትለው አጥታ።

ብሩሽ እየሳቀ ወረደ። «እጄ ብቻውን ወጥቶ አያውቅም። እኔም አብሬው ነኝ።»

በዚህ ተጀመረ። ማተሚያ ቤቱ አዲስ ፊደል ይፈልግ ነበር፤ የማሽን ፊደል እንደ ወታደር ተሰልፎ ሲቆም የሰለቸው አንባቢ ሞልቷል። የብሩሽ ፊደል ግን ሊራመድ ነው የሚመስለው። ሰፊውን ብዕር ሰየፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከመነሳቱ በፊት ትንሽ ረገጥ ያደርጋል። ያቺ ርግጫ ናት የፊደሉን ጫማ የምትሠራው። እሱ በወፍራም ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ እሷ በስካነር አስገብታ በኮምፒውተር ትነድፋለች፣ ያልጣማትን በቀይ እርሳስ አስተያየት ጽፋ ትመልሳለች። ከሁለት መቶ የሚበልጠውን ፊደል እንዲህ ሲያደርጉ ሦስት ዓመት ሄደ።

በየጥቅሉ መሀል ታዲያ አንዲት ሌላ ወረቀት ትገኛለች። ደብዳቤ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ቆሞ ማውራት አይመች፣ ቤቷ መምጣት አይታሰብ። እናቷ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ብቻቸውን ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ ከሰው እኩል ያደረጓት። «መሰላል ላይ ለሚውል ሰው ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የለፋሁት?» ብለው አንዴ ተናግረዋል፤ እሳቸው አንዴ ከተናገሩ ተናገሩ ነው። ስለዚህ ብሩሽ ይጽፋል። እሷ የቢሮዋን በር ዘግታ ታነባለች። በሦስት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ደብዳቤ ደረሳት፤ በሰማያዊ ጥብጣብ አስራ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ፊደላት ሲመጡ ሥራው ሥራ አልመስል አላት። መስመሩ ይወላገዳል፣ ጫማዋ ትፈርሳለች። መለሰችው። ደግሞ ጻፈ፤ ባሰበት። ደግማ መለሰች። ሰባት ጊዜ! በሰባተኛው ጥቅል ላይ «ትኩረት ይጎድለዋል» ብላ በቀይ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ፣ ከድሮዎቹ ፊደላት እጅና እግር እየቆረጠች እየቀጠለች ሠላሳውን ራሷ ሠራቻቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በፖስታ አንድ ደብዳቤ መጣላት። በእጅ የተጻፈ አልነበረም። በኮምፒውተር የታተመ፣ ያውም በዚያው እሷ በነደፈችው ፊደል። አሥራ አንድ መስመር። ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ፣ መንገዳችን የተለያየ ነው፣ ከእንግዲህ ባንገናኝ ይሻላል፣ አትፈልጊኝ። ፊርማ የለውም።

ወይ ንዴት! መለያየቱ አይደለም የቆጠቆጣት፤ መታተሙ ነው። ለሱቁ ሁሉ፣ ለጋራዡ ሁሉ በእጁ የሚጽፍ ሰው ለእሷ ሲሆን ማሽን አዘዘባት። እናቷ ወረቀቷን ከእጇ ተቀብለው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ለሥራ ማመልከቻ እንኳን ሰው በእጁ ይፈርማል» አሉ። ደስ እንዳላቸው መደበቅ አልቻሉም። በማግስቱ ሚሊሜትር አርባ አንዱን ደብዳቤ ከነጥብጣቡ ይዛ ወደ ማተሚያው አዳራሽ ወረደች፤ ትልቁ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ሥር አስገብታ፣ ማንሻውን ራሷ ተጭና፣ እንደ ጥቅል ወረቀት ከተከተቻቸው። ቁርጥራጩ ከሌላው ውዳቂ ጋር ተጠርጎ ሄደ። ያኔ ቀለል ያላት መስሏት ነበር።

ይኸው ስምንት ወሩ። ፊደሉ ወጣ፣ ተወደደ። ማተሚያ ቤቱ ሌላ ስም ቢያወጣለትም ሠራተኛው ሁሉ «ብሩሽ» ነው የሚለው። «ይሄን የሠርግ ጥሪ በብሩሽ አድርጊልኝ።» «የምስክር ወረቀቱ በብሩሽ ይሁን።» ቀኑን ሙሉ ስሙን ስትሰማ ትውላለች። የልጆች ንባብ መጽሐፍ በእሱ ነው፤ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢዎችም ወስደውታል። ይኸው አሁን ደግሞ የእናቷ ክኒን። እጁ ከተማውን ሞልቶ እሱ የለም።

ከመድኃኒት ቤቱ ተመልሳ ቢሮዋ ስትገባ ሥራ ይጠብቃታል። አለቃዋ የብሩሽን ደማቅ ፊደል፣ ለርእስ የሚሆነውን ወፍራሙን፣ እንድትሠራ አዟታል። ለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች ማየት ግድ ነው። ስምንት ወር ያልነካችውን ካርቶን አወረደች። አቧራውን በክንዷ ጠረገች። ወረቀቶቹ ላይ ደብዳቤ የለም፤ አንድ አንድ ፊደል ብቻ ነው፣ ጥጉ ላይ በእርሳስ ቀኑ ተጽፏል።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ የተለመደ ዘዴ አለ። በተለያየ ጊዜ የተጻፈችውን አንዷን ፊደል ስክሪኑ ላይ እርስ በርስ ታነባብራታለህ፤ የትኛዋ የጸሐፊው እውነተኛ መልክ እንደሆነች ያን ጊዜ ትለያለች። ሚሊሜትር የ«ለ»ን ወረቀቶች አንድ ባንድ አስገባች። የመጀመሪያው ዓመት አምስቱ ሲነባበሩ አንድ ሆኑ። የሁለተኛው ዓመትም እንደዚያው። የሦስተኛው ዓመት ሲመጣ ግን ቀጭኗ መስመር ላይ የሆነች ሞገድ ታየቻት። አጉልታ አየችው። ሞገዷ ነበረች። የሚቀጥለውን ወር አነባበረች፤ ሞገዷ አድጋለች። የሚቀጥለውን፤ ደግሞ አድጋለች።

«እንዴ» አለች ለራሷ።

እነዚያን እሷ የመለሰቻቸውን፣ እሱም እርማቱን አይቶ መልሶ የላካቸውን ሰባቱን ጥቅሎች አወጣች። ቀይ ጽሑፏ እንዳለ ነው። አነባበረቻቸው። ሞገዱ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ተመሳሳይ ርቀት፣ ተመሳሳይ አቅጣጫ፣ ልክ አንድ ነገር ከሥር እጁን ይዞ እየነቀነቀ እንዳጻፈው። ግድየለሽ ሰው እንዲህ እኩል አይሳሳትም። ግድየለሽ እዚህም እዚያም ነው የሚሳሳተው። ይሄ ግን ግድ ያለው ሰው ነው፤ ጥርሱን ነክሶ፣ ከራሱ እጅ ጋር እየታገለ የጻፈ ሰው።

በሰባተኛው ጥቅል ላይ ቀለሙ ፈሶ በአውራ ጣት የተጠረገበት ቦታ አለ። ያኔ «ቆሻሻ» ብላ የከበበችው። አሁን ግን እንባ ይሁን ላብ እንጃ፣ ወረቀቱ እዚያ ጋ ሸብሸብ ብሏል።

ተነስታ ቦርሳዋን አነሳች። በደረጃው ስትወርድ ስልኳ ጠራ፤ እናቷ ነበሩ።

«ክኒኔን ገዛሽልኝ?»

«ገዝቻለሁ እማዬ። ስመለስ ይዤልሽ እመጣለሁ። አሁን ብሩሽ ጋ ልሄድ ነው።»

«ያ መሰላል ላይ የሚውለው?»

«አይወጣም እማዬ። ከእንግዲህ መሰላል ላይ አይወጣም።»

እናቷ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁጣቸው በስልኩ ይወጣ ነበር። የልጃቸው ድምፅ ግን እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ «በይ ተጠንቀቂ» ብቻ ብለው ዘጉ። ሚሊሜትር የተዘጋውን ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች መንገዱን ተሻገረች፤ እንደዚያን ቀን የእናቷን ድምፅ ወዳው አታውቅም።

ብሩሽ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ታች ሱቋ፣ ላይ አንድ ክፍል። ሚሊሜትር በሩ ላይ ስትደርስ ሴትዮዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች፤ አፏ ውስጥ የያዘችውን መርፌ አንድ ባንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካች። አንቺን ለመስደብ አፌን ባዶ ማድረግ አለብኝ የምትል ነበር የምትመስለው።

«እመቤቲቱ ጠፍተው ቆዩ!» አለች። «ቀሚስ ሊያሰፉ ነው? ወይስ የሰው ስፌት ሊያርሙ?»

«እትዬ፣ እሱን ልጠይቀው ነው።»

«ስምንት ወር የት ነበርሽ?»

«ደብዳቤው ሲደርሰኝ…»

«የትኛው? ያ ሦስት ቀን የፈጀው?»

ሚሊሜትር አልገባትም። ሴትዮዋ እግሯን ከመርገጫው አነሳች፤ የስፌት መኪናው ዝም አለ።

«ከጎረቤት ኮምፒውተር ተውሼ አመጣሁለት» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «በአንድ ጣቱ ነው የጻፈው። በግራው። ቀኙን በጉልበቱ መሀል ይዞ። ሦስት ቀን ሙሉ! አንዷን ነክቶ ሌላዋ ትነካበታለች፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ይጀምራል። ‹ልጻፍልህ፣ አንተ ንገረኝ› ብለው አሻፈረኝ አለ። ‹የእሷ ደብዳቤ በሰው እጅ አይሄድም› አለኝ። ደግሞስ፣ ያንን አንቺ ለሙከራ ብለሽ የሰጠሽውን የራሱን ፊደል ካላስገባሁለት አልልክም አለ። ‹ይሄ እጄ ነው፤ ስታየው ታውቀኛለች› ነው ያለው።»

«አላወቅኩትም» አለች ሚሊሜትር። ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። «ማሽን ነው የጻፈልኝ ብዬ…»

«እሱማ ነግሮኝ ነበር፤ ሰው ሳያየው የሚቀረውን የምታይ ልጅ ናት ብሎ።» እህቱ መርፌዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠች። «የነርቭ ነው አሉን። የማይገድል ግን የማይድን። ደረጃውን ውጪ፣ ላይ ነው ያለው። ውይ፣ ምን አለቅስብሻለሁ እኔ ደግሞ፣ ጨርቁን አበላሸሁት።»

ሚሊሜትር ግድግዳውን ይዛ ደረጃውን ጀመረች። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ያቺ በእሷ እጅ የተጻፈች ቀይ ቃል ትታያታለች፤ እዚያው ተቀምጣ ማልቀስ አማራት፣ ግን የማልቀስ መብት ያላት አልመሰላትም።

«ሚሊሜትር» አለ ብሩሽ፣ ገና በሩን ሳትገፋው። «አካሄድሽን አውቀዋለሁ። ደረጃ እየቆጠርሽ ነው የምትወጪው።»

«አሥራ አራት ነው» አለች ሳታስበው። ሁለቱም ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ቀረ።

መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀምጦባቸዋል። ብሩሾቹ የሉም፣ ቀለሙ የለም፤ ግድግዳው ላይ ምስማሮቹ ብቻ ቀርተዋል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ነግሬሽ ነበር። ሰባት ጊዜ ነገርኩሽ። ሰባቴም በቀይ እርሳስ መለስሽልኝ።»

ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወዳሉት ምስማሮች አሸሸች።

«እየወቀስኩሽ አይደለም» አለ ረጋ ብሎ። «ታምሜያለሁ ብሎ መናገር አፌ እምቢ አለኝ። የታፔላ ጸሐፊ እጁ ተንቀጠቀጠ ማለት ምን ማለት ነው? ምንም አልቀረውም ማለት ነው። እና ዝም ብዬ ጽፌ ልላክላት አልኩ። እሷ ከእኔ በላይ ታያለች። አንድ ቀን በሩን በርግዳ ትገባና ‹አንተ፣ እጅህን ምን ነካው?› ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር አንቺ ነሽ። ወረቀቱ ብቻ ይመለሳል። ‹ትኩረት ይጎድለዋል።›»

ወለሉ ላይ ወንበሩ አጠገብ ቁጭ አለች። «ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ያልኩሽ ድሮ ነው። የቸገረኝ ሌላ ነው።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «የመጀመሪያ ቀን ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? እጅህን ወደድኩት አልሽ። እኔ ቀልጄ አሳለፍኩት። ስታመም ግን ያቺ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። እጄ ይኸው የለም። ታዲያ ማንን ፈልገሽ መጣሽ?»

«አንተን» ማለት ቀላል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊደል ላይ እንኳን ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት።

«እጅህን ነበር» አለች። «መጀመሪያ እጅህን ነበር፣ አልዋሽህም። ከዚያ በኋላ አንተ ሆነ። መቼ እንደሆነ አላውቀውም። የቱ ጋ እንደተለወጠ ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም። ስምንት ወር እንዴት እንደኖርኩ አትጠይቀኝ። ሰው መንገድ ላይ ‹ብሩሽ› ሲል የምዞረው ፊደሉን ፍለጋ መሰለህ?»

ከታች የስፌት መኪናው ተነሳ፣ ቆመ፣ ተነሳ።

«እንግዲያው አንድ ነገር አድርጊልኝ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ውስጥ ያላሰበችው ሙቀት ነበር። «ደብዳቤዎቼን አምጪልኝ። እሑድ እሑድ ትመጪና አንድ አንድ ታነቢልኛለሽ። ፊደሌማ የትም አለ፤ የክኒን ከረጢቴ ላይ ሳይቀር አለ። ያልኩት ነገር ግን ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው። ስቀልድ፣ ስቆጣ፣ ስወድሽ እዚያ ውስጥ ነኝ። እሱን እየሰማን እንጀምር። ከዚያ ደግሞ እናያለን።»

ስምንት ወር የተመኘችው በር ተከፍቷል፤ መግቢያው ግን እሷ በገዛ እጇ የከተከተችው ነገር ነው። «እሺ፣ ቤት ናቸው» ብትል እስከ እሑድ ድረስ ትድናለች። ፊቱን አየችው፤ እንዲያ ተስፋ አድርጎ አይታው አታውቅም።

«የሉም» አለች።

«እንዴት የሉም?»

«ቆረጥኳቸው። የታተመው ደብዳቤ በመጣ ማግስት። በመቁረጫው ማሽን።»

እጆቹ ከጭኑ ሥር ወጡ። ሊይዛቸው አልሞከረም፤ ጉልበቱ ላይ እየተንቀጠቀጡ ዝም ብሎ አያቸው።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አልጮኸም። ቢጮህ ምንኛ በተሻላት! እንደ ሕፃን ነገር ከንፈሩ ወደ ታች ወረደ። «እነሱ እኮ ቀርተውኝ ነበር» አለ ብቻ።

«ግን አስታውሳቸዋለሁ!» አለች፤ ተነስታ በጉልበቷ ቆመች። «በእግዚአብሔር፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። አሁን ልንገርህ። ቢጫው ወረቀት ላይ የጻፍከው።» ዓይኗን ጨፈነች፤ ወረቀቱ ወለል ብሎ መጣላት። «የመጀመሪያው መስመር ላይ ቀለሙ ወፍሯል፤ ብዕሩ አዲስ ነበር። ሁለተኛው መስመር፣ ሦስተኛው ቃል ላይ ቀለም አልቆብህ ደግመህ ነክረሃል። ከእሱ ቀጥላ ያለችው ‹ለ› ከጎረቤቷ ዝቅ ብላለች። የመጨረሻው መስመር ሽቅብ ይሄዳል፤ ስትቸኩል እንዲያ ነው የምታደርገው…»

«ምን ይላል?» አላት።

አፏን ከፈተች።

ፊደሉ ሁሉ ፊቷ ተደርድሯል። ጫማዋ፣ ትከሻዋ፣ ክፍተቱ፣ አንዲት ነጥብ አልጎደለችም። ድምፅ ግን የለውም። ከአንዱ ወደ አንዱ ዘለለች፣ ሌላ ደብዳቤ አነሳች፣ ሌላ፤ ሁሉም እንደዚያው ነው፤ መልኩ አለ፣ ያለው ነገር የለም። አርባ አንድ ጊዜ አንብባለች። አርባ አንድ ጊዜ ስታነብ የኖረችው ምኑን ነበር?

«አላውቅም» አለች። ዓይኗን መክፈት ፈራች። «ምን እንዳልከኝ አላውቀውም። ወይኔ! ወይኔ ጉዴ፣ ምን እንዳልከኝ አላውቅም!» ብላ ወለሉ ላይ እጥፍ ብላ ያን ሁሉ ወር ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ከታች የስፌት መኪናው ጨርሶ ዝም ብሏል።

ብሩሽ አላባበላትም። በምን እጁ? ዝም ብሎ ጠበቃት፤ ልቅሶዋ ሲሰክን ሲሰክን፣

«ቢጫው ወረቀት?» አላት።

ራሷን ነቀነቀች።

«የዝናቡ ቀን ነው እሱ።» ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንድ ቃል እያነሳ አንድ ቃል እያስቀመጠ፣ በቃሉ ይናገረው ጀመር። «‹ዛሬ የዳቦ ቤቱን ታፔላ ስጽፍ በማዶ አለፍሽ። ዣንጥላ አልያዝሽም። መንገዱ መሀል ቆመሽ ታፔላውን አየሽው፤ ዝናቡ እየደበደበሽ ነው የምታዪው። እኔ ከፊደሉ ሥር ነበርኩ። እጄን አወዛወዝኩልሽ፣ አላየሽኝም። አልተቀየምኩም። ይሄ ፊደል ሲያልቅ እኔን ታየኛለች አልኩና ቸኮልኩ። ይኸውልሽ የመጨረሻዋን ጨርሼ ዞር ስል ማንም አልነበረም።›»

«የቀረው ሰላምታ ነው» አለ።

ሚሊሜትር ዓይኗን ገለጠች። ፊቱ ቅርብ ነበር። ግንባሩ ላይ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ የማታውቀው ጠባሳ አለ። የግራ ቅንድቡ መሀሉ ላይ ይሳሳል። ዓይኖቹ ጥቁር ይመስሏት ነበር፤ አይደሉም፣ ቡናማ ናቸው። አራት ዓመት። ደጋግማ እያለቀሰች አየችው፤ እሱም እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ የሚጠርግበት እጅ ሳይኖረው፣ ፊቱን አላዞረባትም።